በአራተኛው ብርጭቆ

ቡራዩ፣ ቅዳሜ ኅዳር 11 ቀን 2008

«ሰውየው ወይን ነፍሱ ነው» ስትል ሰማኋት። የሆቴሉ ወጥ ቤት ሠራተኛ አጸደ ናት፤ ደረጃው ሥር ሽንኩርት እየላጠች ለአስተናጋጇ ታወራለች። ለእኔ አልነገረችኝም። የሰው ወሬ አድምጦ ሥራ መጀመር ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። ግን አቶ ታመነ ስለ እንግዳው እስከዚያ ሰዓት የነገረኝ ሁሉ «ትልቅ ሰው ነው» የሚል ብቻ ስለነበር፣ የአጸደን ቃል እንደ ማስረጃ ይዤ ወደ ቤቴ መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ታመነ እዚህ ቡራዩ፣ የአምቦው መንገድ ዳር፣ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ሠርቶ ጨርሷል። ከአንድ ወረቀት በቀር የጎደለው የለም። ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው ለገና እራት ተጋብዟል። የትኛው ቢሮ እንደሚቀመጥ እዚህ አልጽፍም፤ ደብተር ይነበባል። እንግዳው እለዋለሁ።

«እንደ ፈረንጅ፣ ለየምግቡ የየራሱ ወይን ይኑረው» አለኝ አቶ ታመነ። «እርስዎ እያሉ በዚህ ከተማ ማን ይጠየቃል፣ እትዬ?»

ልክ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሆቴል ሃያ ሁለት ዓመት የወይን ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ጡረታ ወጥቼ እዚህ ከገባሁ ወዲህ ስለ ወይን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ስለ ውኃ ቧንቧ ነው የምንጠያየቀው። ስሜ የወይንሐረግ ስለሆነ ሥራው ላይ በስሜ የተመደብኩ የሚመስላቸው አሉ። አባቴ መጠጥ ከንፈሩን ነክቶት አያውቅም፤ ከመዝሙረ ዳዊት ነው ያወጣልኝ።

እሺ አልኩ። ሙያውን የሚያሞግሱለትን ሰው ለማጥመድ ገመድ አያስፈልግም።

ሰኞ ኅዳር 13

ኦቦ ኢርኮ ዛሬም በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አንኳኩ። ወተት።

ይህ ቤት የቆመበትን ቦታ የሸጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ የዛሬ ስምንት ዓመት። ሽማግሌዎች ፊት ወረቀት ስንፈራረም ጨጓራ እንዳለብኝ ሰሙና፣ «ይህ የግጦሽ መሬት ነበር። የዚህን መሬት ወተት ጠጥተን ነው ያደግነው። እኔ እስካለሁ ወተት አይቀርብሽም» አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ውሉ ላይ አልተጻፈም። የተጻፈውን ማዘጋጃ ቤቱ እስከ ዛሬ አላወቀልኝም፤ ካርታ የለኝም። ያልተጻፈው ግን ጾም ፍስክ ሳይል በየጠዋቱ ይፈጸማል።

«አከም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ?» እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ኦቦ። ላሟ ደህና ናት?»

«ረቢን እናመስግን» አሉ። ሁልጊዜ የሚመልሱልኝ ይህንኑ ነው። ላሟን አይቻት አላውቅም። ቤታቸው ከጓሮዬ በስተጀርባ ካለው ጉብታ ማዶ ነው፤ የስምንት ደቂቃ መንገድ። ለመሄድ ምክንያት አላገኘሁም። እሳቸው ይመጣሉ።

ልጃቸው ድንቅቱ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ከእኔ መጽሐፍ ትዋሳለች፤ ትመልሳለችም፤ በዚህ ጠባይዋ በአገሪቱ ውስጥ ብቻዋን ሳትሆን አትቀርም። ማታ አንዱን ልትመልስ መጣችና ስለ ማስተር ፕላኑ፣ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ባንድ ካርታ ስለሚያስገባው ማለቷ ነው፣ የሚነበብ ነገር እንዳለኝ ጠየቀችኝ።

«የጻፉት ራሳቸው አላነበቡትም፤ አንቺ ለምን ትቸኩያለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። በቀልዴ ስትስቅ ደስ ይለኛል። ሰው ሲያረጅ ተመልካቹ ይሳሳል።

እሑድ ኅዳር 19

የመጀመሪያው ቅምሻ፣ ሆቴሉ ውስጥ። ስድስት ጠርሙስ። አጸደ ለሙከራ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና አልጫ ሠርታለች። እየጾመች ስለሆነ የምትሠራውን አትቀምስም። እኔም በጨጓራዬ ምክንያት የምቀምሰውን እተፋለሁ እንጂ አልውጥም። ሁለታችንም በእምነት ነው የምንሠራው።

የደቡብ አፍሪካው ደረቅ ቀይ ከዶሮው ጋር አልሆነም። በርበሬና ኃይለኛ ቀይ ወይን፣ ሁለት ቁጡ ሰዎችን ባንድ ወንበር እንደማስቀመጥ ነው፤ ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ምላስ ይቃጠላል። አቶ ታመነ ግን «ይህ ጥሩ ነው፣ ይቆነጥጣል» አለ። ለእሱ ጥሩ ነገር ሁሉ ይቆነጥጣል።

ጥግ ላይ የመኪና ቁልፍ በእጁ የያዘ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሹፌሩ መሰለኝ። ውኃ ብቻ ነበር የሚጠጣው። ሹፌር እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

በጨዋታ መሐል አቶ ታመነ «እናንተ ሰፈር እንዴት ነው? ጊንጪ የተጀመረው የተማሪዎች ነገር ወደዚህ አልደረሰም?» አለኝ።

«የኛ ሰፈር መሪ አለው» አልኩ። «መምህርት ድንቅቱ ሳትፈቅድ የኦቦ ኢርኮ ላም እንኳ አትታለብም።»

አቶ ታመነ ጠረጴዛውን መታ። ሹፌሩም ሳቀ። ጥሩ ሳቅ ነው ያለው፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል።

ማክሰኞ ኅዳር 28

ሱቅ አልተከፈተም። ተማሪዎች ወጡ። ከአምቦው መንገድ ጭስ። ጎማ ይሁን ሌላ አልታወቀም። ታክሲ የለም። ወደ ከተማ የሄደ አልተመለሰም፣ የቀረም አልሄደም።

ሰባት ሰዓት ላይ ድምፅ። ቡሽ ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ በማሰቤ አፈርኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሰማሁ።

ስልክ ይሠራል፣ አይሠራም።

ረቡዕ ኅዳር 29

ወተት አልመጣም። በስምንት ዓመት የመጀመሪያው።

ሐሙስ ኅዳር 30

ዛሬም አልመጣም። በጉብታው በኩል የምታልፍ ሴት «ኦቦ ኢርኮ መንገዱ ተዘግቶባቸው ነው አሉ» አለችኝ። ከእሳቸው በረት እስከ እኔ በር ያለው የእግር መንገድ ነው፤ አንድ አጋምና ሁለት ድንጋይ አለበት። የትኛው እንደተዘጋ አልገባኝም። ሽማግሌ ሰው ሲጨንቀው የሚናገረው አይታወቅም ብዬ ተውኩት።

ቀኑን ሙሉ ከበር አልወጣሁም። ሦስት ክፍል አለኝ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ተዘዋወርኩ። መጽሐፍ ገለጥኩ። በመጽሐፎቹ ውስጥ የተከበቡ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግንብ አላቸው። የእኔ አጥር ቆርቆሮ ነው።

ዓርብ ታኅሣሥ 1

ኦቦ ኢርኮ መጡ፤ ባዶ እጃቸውን።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ወተት አላመጣሁም» አሉ። ቀጥለው «ድንቅቱን ወሰዷት» አሉ። በዚህ ቅደም ተከተል።

ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ከትምህርት ቤቱ በር። ሁለት ሰዎች ስሟን ከወረቀት አነበቡና ይዘዋት ሄዱ። ማክሰኞ ተማሪው ሲወጣ እሷ በር ላይ ቆማ ትንንሾቹን «ወደ ቤት ግቡ» እያለች ስትመልስ ነበር የዋለችው፤ ያየ ሁሉ አይቷል።

«መሪ ናት ተባለ» አሉ ኦቦ ኢርኮ። «ማን ነው እንደዚህ ያለው?»

«ማን አለ?» አልኩ እኔም።

ሻይ አፈላሁላቸው። ሳይጠጡት ሄዱ።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 2

ቀልድ ነበር።

መሪ የሚለው ቃል የእኔ የግል ንብረት አይደለም። በዚህ ወር በዚህ አገር በቀን ሺህ ሰው ይለዋል። ደግሞ ማን ሰማኝ? አቶ ታመነ ነው፤ እሱ ከወረቀቱ በቀር በሌላ ነገር ሐሳቡን አያባክንም። አጸደ ጓዳ ነበረች። ሹፌሩ ደግሞ ሹፌር ነው።

የዓለም ነገር ሁሉ እኔ ከተናገርኩት ተነሣ ማለት ትዕቢት ነው። እኔ ማን ነኝ? ወይን ቀምሼ የምተፋ ሴት።

ቀልድ ነበር። ጥሩ ቀልድም አልነበረም።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 5

መንገዱ ለጥቂት ሰዓት ተከፈተ። ሆቴል ሄድኩ። እራቱ ይቀራል ብዬ ነበር።

«ለምን ይቀራል?» አለ አቶ ታመነ። «እንዲያውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ሰው የሚታወሰው። እኔ የእርስዎ ቤት ካርታ እንደሌለው አላውቅም? ሰውየው ከተደሰተ...» አለና ሁለት እጆቹን እንደ ዣንጥላ ዘረጋ። ከዣንጥላው ሥር እኔም ነበርኩ።

ስመለስ ኦቦ ኢርኮ በሬ ላይ ቆመዋል። ወሬ ከታክሲ ይቀድማል።

«ያንን ሰው ታገኚዋለሽ አሉኝ። አንድ ቃል ቢናገር ይለቋታል አሉ። አንድ ቃል ብቻ።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ።

«ገለቶሚ፣ ኢንተለ ኮ። ገለቶሚ።» አመስግነው እጄን ሳሙ። አባቴ ቢኖር በእሳቸው ዕድሜ ነበር። እጄን መንጠቅ ነበረብኝ፤ አልነጠቅሁም።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 9

ሰው በስንተኛው ብርጭቆ ይራራል?

ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ ያየሁት ነገር ስለሆነ ከመጽሐፍ አልጠይቅም። በመጀመሪያው ብርጭቆ ሰው ራሱን ያስተካክላል፤ ክራቫቱን ይነካል። በሁለተኛው ጎረቤቱን ያያል። በሦስተኛው ስለ ልጅነቱ ያወራል፤ ሁሉም ድሃ ሆኖ ነው ያደገው። በአራተኛው ይለግሳል። በአምስተኛው ቃል ይገባል፤ የአምስተኛው ቃል ግን ጠዋት አይገኝም። ስለዚህ አራተኛው ነው።

አራተኛው ላይ ዶሮው እንዲመጣ አደረግሁ። ለመክፈቻ አይብና ጎመን፣ ከቀዝቃዛ ደረቅ ነጭ ጋር፤ ቅቤውን ያጥብለታል። ለአልጫው ያው ነጭ ይቀጥላል፤ ብርጭቆው ግን ይቀየራል፣ ሰው ብርጭቆ ሲቀየርለት ይከበራል። ለክትፎው ቀለል ያለ ቀይ፤ ሚጥሚጣውን የማያናድድ። ለዶሮው ደግሞ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው የዝዋይ ቀይ፣ ከማቀዝቀዣ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የወጣ። አያቶቻችን ለበርበሬ ጠጅ ያቀረቡት ሌላ ጠፍቶ አይደለም። ማር በርበሬን እንዴት እንደሚያባብለው ያውቁ ነበር።

ዕንቁላሉን ሲገምስ እናገራለሁ። «ጌታዬ፣ አንዲት መምህርት አለች...» «ጌታዬ» የሚለውን ሰረዝኩት። «አቶ» አልኩ፤ ስሙን አላውቅም። እንደገና «ጌታዬ» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስት ወረቀት ላይ ተለማመድኩት። ወይኑ ጥሩ ነው። ንግግሬ ይጎመዝዛል።

ረቡዕ ታኅሣሥ 13

ወተት መምጣት ጀምሯል። «መንገዱ ተከፈተ» አሉ ኦቦ ኢርኮ። አሁንም የትኛው መንገድ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ሳይቀመጡ ተናገሩ። «ጣቢያ አብረሽኝ ነይ። የምታውቂያት ጎረቤት ነሽ፤ አነጋገር ታውቂያለሽ። መሪ አይደለችም፣ መጽሐፍ አንባቢ ናት ብትያቸው ይሰሙሻል።»

«እራቱ ይሻላል፣ ኦቦ» አልኩ። «ላይኛውን ካገኘን ታችኛው ምን ያደርግልናል? እንዲያውም ቀድመን ብንሄድ ነገሩን እናበላሸዋለን።»

ይህን ምክር ሌላ ሰው ለሌላ ሰው ሲሰጥ ብሰማ ብልህ ነው እል ነበር።

ብቻቸውን ሄዱ። ዳቦና ሹራብ ይዘው። ዳቦውን ተቀበሏቸው፣ ሹራቡን መለሱት። ሹራቡ አረንጓዴ ነው፤ ባለፈው ክረምት ዝናብ ይዟት እኔ ቤት ስታድር ለብሳው ነበር። አሁን ወንበሬ ላይ ነው፤ «እሳቸው ዘንድ ስትሄጂ ስጪልኝ» ብለው ተዉት። እሳቸው ያሉት እንግዳውን ነው። ለክቡር እንግዳ ሹራብ በየትኛው ብርጭቆ ይሰጣል?

እሑድ ታኅሣሥ 17

የመጥሪያ ካርዱ ታትሞ መጣ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሚያምር ነው። «የገና በዓል እራት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን።»

አጸደ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ካርዱን አነበበች።

«እትዬ፣ ዘንድሮ እኮ ገና ሃያ ስምንት ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ጳጉሜን ስድስት ሆና የለ? ስድስት በሆነች ማግስት ገና በሃያ ስምንት ይውላል። ሃያ ዘጠኝ ዓርብ ነው። ጾም ነው።»

አጸደ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። እኔ ስለ ሮማውያን የቀን አቆጣጠር ብቻ ሁለት መጽሐፍ አለኝ።

አቶ ታመነ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንግዳው ሃያ ዘጠኝን ተቀብሏል። ትልቅ ሰው ሁለት ጊዜ አይጠራም። ስለዚህ እራቱ ዓርብ ነው። ዓርብ ከሆነ ዶሮ፣ ክትፎ፣ አይብ የለም።

«ይጾማል እንዴ?» አልኩት።

«ትልቅ ሰው ነው። ሳይጾም አይቀርም።»

«ደውለህ ብትጠይቅስ?»

እንደ እብድ አየኝ። ልክ ነው፤ በዚህ ከተማ ስለ እንግዳው የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሚጠይቅም የለም። በእርግጠኝነት የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይን ይወዳል።

ረቡዕ ታኅሣሥ 20

አዲስ ዝርዝር። ለሽሮ፣ ለምስር ወጥ፣ ለተልባ፣ ለጎመን። ተልባ የሚስማማውን ወይን እግዚአብሔር ገና አልፈጠረም። ለምስሩ የዝዋዩን ጣፋጭ አቆየሁት፤ አራተኛ ይመጣል። በአራተኛው ላይ ሰው ዕንቁላል ባይገምስም ይራራል ብዬ አምኛለሁ።

ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። አጸደ «ደም ያለው ነገር ነው» ትላለች። አቶ ታመነ «ከውኃ የወጣ ነገር ከውኃ ይቆጠራል» ይላል። ዓሣው በማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ውሳኔ ይጠብቃል። እሱ እንኳ ጠበቃ አለው።

ድንቅቱን ያያት የለም። ሃያ አንድ ቀን።

ሰኞ ታኅሣሥ 25

ወይኑን ከከተማ ይዤ መጣሁ፤ ብርጭቆዎቹ ደግሞ ከሰበታ፣ ከአንድ የሠርግ አዳራሽ ተከራይተው መጥተዋል። አሸዋ ሜዳ ላይ ፍተሻ ነበር። ሁላችንም ወረድን፤ ሚኒባሱ ውስጥ የቀሩት አሥራ ሁለት ጠርሙሶች ብቻ ናቸው፤ በጋዜጣ ተጠቅልለው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ወይን።»

«ይህንን ሁሉ ማን ይጠጣዋል?»

እንግዳው ልል ነበር። «ለበዓል ነው» አልኩ።

ወታደሩ ጠርሙሶቹን አሳለፈ፤ የቡሽ መክፈቻዬን ግን ያዘ። ገለበጠው፤ ጠምዛዛውን በጣቱ ሞከረ። «ስለት ነው» አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ከኪሴ ያልወጣ መክፈቻ ነው፤ የአሥር አገር አምባሳደር ጠርሙስ ከፍቷል። ልከራከር አፌን ከፈትኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው «እማማ፣ እባክዎን» አለ። አፌን ዘጋሁ። ለጠርሙሱ ማስረጃ ነበረኝ፣ ለመክፈቻው አልነበረኝም።

ልብ አልኩ፤ ስለ መክፈቻዬ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር።

ሐሙስ ታኅሣሥ 28። ገና

ከበሮ ከሩቅ። ኦቦ ኢርኮ ወተት ይዘው መጡ፤ ደግሞም ድንቅቱ ተውሳ የነበረውን መጽሐፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው።

«የሰው ዕቃ እቤት እንዲያድር አትወድም» አሉ። «ነገ ነው አይደል?»

«ነገ ነው።»

መጽሐፉን ገለጥኩት። ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ የታክሲ ቲኬት አለ። አልጨረሰችውም።

ዓርብ ታኅሣሥ 29፣ ሌሊት

እንደነበረው ልጻፍ።

መክፈቻ ስለሌለኝ ቡሹን በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ይህን ያደረግሁ ሰው ነኝ። ብርጭቆዎቹ ያበራሉ፤ ሽሮው ይንተከተካል፤ ዓሣው በመጨረሻ ተፈርዶለት ቀርቧል።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ተከፈተና ያ ሹፌር ገባ፤ ቁልፉ በእጁ። ፈገግ አልኩለትና እንግዳውን ከኋላው ፈለግሁ። ከኋላው ማንም አልነበረም። አቶ ታመነ ወገቡ እስኪቆረጥ አጎነበሰ። «አቶ ሕዝቅያስ፣ እንኳን ደህና መጡ።» መኪናውን ራሱ ነው የሚነዳው። ሹፌር አይወድም። ያን እሑድ ማንነቱ ሳይነገር ሕንፃውን ሊያይ መጥቶ ነበር፤ ውኃ ብቻ የጠጣው ስለሚነዳ ነው ብሎ ነበር አቶ ታመነ የገመተው።

የመጀመሪያውን ነጭ ልቀዳ ስጠጋ መዳፉን ብርጭቆው ላይ ከደነው።

«ተባረኪ፣ እናቴ። ጌታን ከተቀበልኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ውኃ ይበቃኛል።» ከዚያ ጠረጴዛውን አየና «ሥጋ የለም እንዴ? በዓል መስሎኝ» አለ። የማይጾም ሰው ነው።

የአቶ ታመነን ፊት አልገልጸውም፤ በተልባ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። ጓዳ ገብቼ አጸደን «ወይን ነፍሱ ነው አላልሽም?» አልኳት። «እኔ?» አለች። «እኔ እኮ ስለ ፊተኛው ሰውዬ ነው ያወራሁት፤ ከቢሮው ስለ ተነሣው።»

ተመልሼ ለሌሎቹ ቀዳሁ። ለእሱ ውኃ ቀዳሁ። ሰው ሥራ ሲለምድ እጁ ብቻውን ይቆጥራል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ውኃም ቢሆን አራተኛው ደረሰ። የውኃውን ጆግ ይዤ ጎንበስ አልኩ። ሹራቡ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «ጌታዬ» ድረስ በአፌ መጥቷል።

እሱ ቀደመኝ።

«እርስዎን አስታወስኩ» አለ፤ ለሁሉም እንዲሰማ። «ያቺ ጨዋታ አዋቂ! ስለ ላሟ የነገሩን። ለጓደኞቼ ሁሉ ነው ያወራሁላቸው።» ትከሻው ያለ ድምፅ መነቃነቅ ጀመረ። «ታዲያ አሁን ላሟ በማን ፈቃድ ትታለባለች?»

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ጨዋታውን የማያውቁትም ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ «ዓሣ ይጨመርልዎ?» አልኩ።

እሑድ ጥር 1

«ነገርኩት» አልኳቸው ለኦቦ ኢርኮ። «እናያለን ብሏል።»

ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነው፤ ግማሹ በኦሮምኛ ነው። የገባኝ ለቤቴ፣ ለዓይኔና ለአፌ እንደሆነ ነው። ለአፌ ሲሉ መሬት መሬት አየሁ።

ሐሙስ ጥር 5

ትናንት ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ሬዲዮው ደጋግሞ ነው የተናገረው። አቶ ታመነ ደወለ፤ ወረቀቱ አልተፈረመም፣ የሚፈርመው ሰው ለስብሰባ ተጠርቶ ሄዷል። የተረፉትን ስምንት ጠርሙሶች ምን እናድርጋቸው አለኝ። አስተኛቸው አልኩት፤ ቡሹ እንዳይደርቅ።

ድንቅቱ አልተፈታችም። ፕላኑ ሲቀር በፕላኑ የታሰሩት ምን እንደሚሆኑ ሬዲዮው አልተናገረም።

ዛሬ ወተት አልመጣም። ኦቦ ኢርኮን ሳል ይዟቸዋል አሉ። ሹራቡን ይዤ በጉብታው ወጣሁ። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። አጋሙን አልፌ፣ ሁለቱን ድንጋዮች አልፌ። መንገዱ ላይ ለራሴ የነገርኩት፣ ሳልገባ በሩ ላይ ቆሜ እንድናገር ነው፤ ከገባሁ እንግዳ እሆናለሁ፣ እንግዳ ከሆንኩ ዝም እላለሁ።

ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ሊነሡ ሲሉ ትከሻቸውን ያዝኩ።

«ኦቦ፣ ለሰውየው አልነገርኩትም። ዋሽቼዎታለሁ። መሪ ናት ያልኩትም እኔ ነኝ፤ እሱ ፊት፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ። በቀልድ ነው። ድንቅቱ ሳትፈቅድ የኦቦ ኢርኮ ላም እንኳ አትታለብም ነው ያልኩት። ነገ ጣቢያ አብሬዎት ሄጄ ይህንኑ እናገራለሁ።»

እንዲቆጡኝ ጠበቅሁ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ግራ መጋባት ነው።

«የትኛዋ ላም?» አሉ።

በእጃቸው ወደ በረቱ አሳዩኝ። በሩ ክፍት ነው። ውስጡ ተጠርጎ ሦስት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ቆሞበታል፤ ድንቅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች የምታስጠናበት። ሰሌዳው ላይ በእሷ ጽሕፈት የቅጠል ሥዕል አለ።

ላሞቹን የሸጡት መሬቱን በሸጡልኝ ዓመት ነው፤ የሚግጡት ቀርቶ። ወተቱ በየጠዋቱ ከሱሉልታ በሚኒባስ ይመጣል።